በረኪና የነካው ቅል

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ገና ከመነሻው የማስቀምጠው፣ ኋላ ወሬው ሲረዝም እንዳላመልጥ ነው። ሰው የገዛ ጥፋቱን ማውራት ሲጀምር ደህና ነው፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ግን ቀስ እያለ በሌላ ሰው ላይ ማላከክ ይወዳል። እኔም ከዚያ ሰው አልሻልም።

ሳሊና እባላለሁ። በኬንያ፣ በናንዲ፣ የሻይ ማሳው አልቆ የከብት መስኩ ከሚጀምርበት ጥግ ባለች መንደር የሳይንስ መምህርት ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ክብ እስላለሁ፣ ዱላ እስላለሁ፣ ጠመዝማዛ እስላለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ያጠናሉ፣ ያልፋሉም፤ ግን አንዳቸውም አያምኑኝም። ከዓይናቸው ይታወቃል። የሚያምን ልጅና ዝም ብሎ የሚገለብጥ ልጅ እንደሚለያዩ ለማወቅ ብዙ ዓመት አይፈጅም፤ ክፍሌ ሙሉ ገልባጭ መሆኑን ስለማውቅ ቆሽቴ ያር ነበር።

ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ለመንኩ። ኤልዶሬት ላለ አንድ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ መጠበቅ ከተውኩ በኋላ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ማታቱ ጣሪያ ላይ ከሁለት ዶሮዎች ጋር ታስሮ መጣልኝ። አሮጌ ነው፤ የብርሃን መስተዋቱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ማስተካከያው በእጅ ካልያዙት ወደ ታች ይንሸራተታል። ባሌ አገላብጦ አይቶ «ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የለመንሽው?» አለኝ። እኔ ግን ያን ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም።

መዝሙሩ ከማይክሮስኮፑ ይቀድማል። በዝናቡ ወራት ተቅማጥ መንደሩን ሲያዳርስ፣ ልጆቹ እጃቸውን እንዲታጠቡ ብዬ አንድ መዝሙር ሠርቼላቸው ነበር።

ጀርም ጠላታችን፣
የማይታይ ባይናችን፣
በሳሙና፣ በበረኪና፣
ይውጣ ከቤታችን።

በረኪናውን የጨመርኩት ዜማው አንድ ምት ስለጎደለኝ ብቻ ነው። መዝሙሩ ካሰብኩት በላይ ሠራ። ልጆቹ ውሃ ሲቀዱ ይዘምሩታል፤ ሻይ ለቃሚዎቹ በረድፍ ሆነው ይዘምሩታል፤ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን እንኳ ሰምቼዋለሁ። ተቅማጡም ቀነሰ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማይክሮስኮፑ በመጣ በሳምንቱ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ «የማይታየው ቀን» ብዬ አወጅኩ። ልጆቹ ከየቤታቸው የፈለጉትን ነገር ያመጣሉ፤ ወላጆችም መጥተው ያያሉ። የኩሬ ውሃ መጣ፤ ከጥርስ የተፋቀ ነገር መጣ፤ አንዱ የአባቱን ቦት ጫማ ከነጭቃው ይዞ መጣ። የስድስተኛ ክፍሏ ጄሙታይ ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ የአያቷን ሙርሲክ ይዛ መጣች።

ሙርሲክ በቅል የምናረጋው እርጎአችን ነው፤ ቅሉ ውስጡን በከሰል ስለሚታሽ መልኩ ወደ አመድ ይወስደዋል። የጄሙታይ አያት ኮጎ ታቡታኒ የሚያረጉት ደግሞ ስሙ ከመንደሩ አልፎ የሄደ ነው። ኮጎ ማለት አያት ነው፤ እሳቸውን ግን የልጅ ልጃቸው ያልሆነውም ሁሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። ለኔ የባሌ አክስት ናቸው። ሮጦ ያሸነፈ ቢሆን፣ ተመርቆ የመጣ ቢሆን፣ ሌላው ቀርቶ ከእስር የተፈታ፣ ወደ መንደሩ ሲገባ በሩ ላይ ቆመው ከዚያ ቅል የሚያስቀምሱት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ያህል በዚያ በር ላይ ሌላ ሰው አልቆመም። አዲስ ሙሽራ ስትመጣም ከዚያው ቅል አንድ ኩባያ ቀድተው በአዲሱ ቅሏ ያፈሱላታል፤ የቤቷ ሙርሲክ ከዚያ ይጀምራል።

ጠብታውን በስሷ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ዘረጋሁ፣ ቀለም ነካሁት፣ አስተካከልኩና ጄሙታይን ጠራኋት። አንድ ዓይኗን በእጇ ከድና ጎንበስ አለች።

«ምን ይታይሻል?»

«ዱላ ዱላ ነገር» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ የሚስሉት እኮ ነው» አለችኝ።

በዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዕንባዬ መጣ ብል አላጋነንኩም። ሌሎቹ እየተጋፉ ተሰለፉ፤ አንድ በአንድ አዩ።

«ጀርም ናቸው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አዎ፣ ባክቴሪያ ናቸው።»

«ብዙ ናቸው?»

«በአንድ ማንኪያ ውስጥ ያለው ከኬንያ ሕዝብ ይበልጣል።»

ቀጥዬ የምናገረው ዋናው ነገር ነበር። እነዚህ ወዳጆቻችን ናቸው፣ ወተቱን የሚያረጉትም የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው ልላቸው ነበር። የናንዲ ዝናብ ግን ሰዓት ያከብራል። አፌን ስከፍት ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የኛ ትምህርት ቤት ጣሪያ በዝናብ ጊዜ የገዛ ድምፅን እንኳ አያሰማም። ሁለት ጊዜ ጮኼ ሞከርኩ፤ ልጆቹ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሳቁብኝ። ከዚያ ደብተራቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው ሮጡ፤ ወላጆቹም የታሰሩ ላሞቻቸውን አስታውሰው ወጡ። ግድ የለም፣ ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ኮቢሎ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ኮቢሎ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷን የማይፈራ በመንደሩ የለም።

«ቲቸር፣ ልጄን ምን አደረግሽብኝ?»

«ምን ሆነ?»

«ሙርሲክ ብሰጠው ኩባያውን በአንድ ጣቱ ገፋልኝ። ጀርም ነው፣ ከኬንያ ሕዝብ ይበልጣል ይለኛል። አፍንጫውን ጠርጌ ያሳደግኩት ልጅ ስለ ንጽሕና ሊነግረኝ።»

«ዛሬ አስረዳቸዋለሁ።»

«አስረጂያ። እስከዚያው ኡጋሊ ገንፎውን በምን ላብላው? በመዝሙርሽ?»

በዚያው ቀን አስረዳሁ። ደጉንና ክፉውን ለይቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ ገለበጡ። ገለበጡ ነው የምላችሁ፤ የዓርቡ ዓይናቸው ግን አልነበረም። መዝሙሩ ዜማ ነበረው፣ ማይክሮስኮፑ በዓይን የሚታይ ነገር ነበረው፤ የሰኞው ትምህርቴ ግን ሰሌዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ብቻ ነው። በየቤቱ ኩባያ መገፋቱ ቀጠለ።

ሐሙስ ትምህርት ካለቀ በኋላ ጄሙታይ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ ቀረች።

«ቲቸር፣ ኮጎ አትናገርም።»

«አመማቸው እንዴ?»

«አላመማትም። ወተቱ ሸተተና ደፋችው። ሌላ ሞላች፣ እሱም ሸተተ። ከዚያ ወዲህ አትናገርም።»

አብሬያት ሄድኩ። ኮጎ ታቡታኒ ደጃቸው ላይ በትንሿ በርጩማ ተቀምጠው ቅሉን ታቅፈውታል። አፉ ዙሪያ ዶቃ ያለው፣ አንገቱ በእጅ ብዛት የጠቆረ ረጅም ቅል ነው። ገና ሳልቀርብ ሽታው ደረሰኝ። በየሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት የምናጥብበት ሽታ ነው። ሳይጋብዙኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ኮጎ፣ ምን አደረጉት?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«መዝሙርሽ በሚለው ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ሳሙናም አለ፣ በረኪናም አለ። ልጅቷ ዓርብ መጥታ ኮጎ ሙርሲክሽ በሙሉ ጀርም ነው፣ በመስታወት አየነው አለችኝ። ስንቱን ሰው ነው ያጠጣሁት ብዬ አሰብኩ። አባቷ በትኩሳት እንደሞተ ታውቂያለሽ። እኔ ያጠጣሁት ይሆን እንዴ አልኩ። ሁለት ቀን እሱን ሳስብ ዋልኩ፤ ከዚያ ሱቅ ላክኋት።»

አንዲት እናት ከዓመታት በኋላ የሞተ ልጇን እንደገና እንድትቀብር ያደረግኋት እኔ ነኝ።

«ኮጎ፣ እነሱ ደጎቹ ናቸው። ማንንም አልገደሉም። ወተቱን ከመበስበስ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ለልጅቷ ይህን ለምን አልነገርሻትም?»

«ዝናብ መጣ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ኮጎም ሰሙት። ጄሙታይ በእግሯ አቧራውን ትጭራለች።

«ይሄን ቅል ስዳር እናቴ ሰጠችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቅሉ የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን እሷ ከእናቷ ያመጣችው ነው። ሙቅ ውሃና የዘንባባ መጥረጊያ ነው የሚያውቀው። ሳሙና አይቶ አያውቅም። እናቴ የሞተችው ሩቅ አገር ነው፤ መቃብሯ ላይ ሄጄ አላውቅም። ግን በየጠዋቱ ይሄን ስቀምስ የእሷ እጅ ነበር።» ቅሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው መለሱት። «አሁን የሱቅ ሽታ ነው።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አልሰደቡኝም።

«ጄፕቱም በዐሥራ ስድስት ቀን ትመጣለች» ሲሉ ቀጠሉ። ጄፕቱም የትምህርት ቤታችን ሯጭ ናት፤ በአገር አቀፉ የተማሪዎች ውድድር ሦስተኛ ወጥታ ለስልጠና ናኩሩ ከተማ ቀርታ ነበር። «ምን ይዤ ነው በር ላይ የምቆመው? የሸተተ ወተት? ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ኮቢሎ ትቁም። ድምፅም አላት።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነበር። ለምን ዝናቡን አልጠበቅኩም፣ ለምን በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ አልነገርኳቸውም እላለሁ። መስኩን እንደጨረስኩ ግን አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። ያ እርሾ በአንድ ቅል ውስጥ ብቻ አልነበረም። ኮጎ አርባ ዓመት ሙሉ ለሙሽራ ሁሉ ሲያካፍሉት ኖረዋል። ከሞተው ቅል የተወለዱ ቅሎች በየቤቱ አሉ። በማግስቱ በልጆቹ በኩል መልእክት ላክሁ፤ ሙርሲኳን ከኮጎ ታቡታኒ የጀመረች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኩባያ ይዛ ደጃቸው ትምጣ።

ደግሞ ሁለት ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት አዘጋጀሁ። ሁለቱም ውስጥ የክፍላችንን ወለል የነካ ጣት ነከርን፤ በሁለተኛው ግን አስቀድሜ ከኮቢሎ ቤት የመጣ ሙርሲክ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ ነበር። ሰሌዳ አልነካሁም። ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ልጆቹን «ጠብቁ» ብቻ አልኳቸው።

ቅዳሜ ሰባት ሴቶች መጡ፤ ተከትሏቸው የመጣው ልጅ ደግሞ ቁጥር የለውም። ኮጎ ታቡታኒ ግርግሩን አይተው ጄሙታይን «ማን ሞተ?» አሏት። ብርጭቆዎቹን ከመሐል አስቀመጥኩና ልጆቹን እንዲያሸቱ ጠራኋቸው። ከአንደኛው እየጮኹ ሸሹ፤ ሁለተኛውን ግን ደጋግመው አሸተቱ። ረግቷል፣ ኮምጠጥ ያለ ደህና ሽታ አለው።

«ጣቱ አንድ ነው፣ ወተቱ አንድ ነው» አልኩ። «በሁለተኛው ግን የኮጎ ዱላዎች ቀድመው ገቡ። ማታቱ ሲሞላ ሌላ ተሳፋሪ አይገባም አይደል? እነሱ ወንበሩን ሁሉ ያዙት። ከዚያ ወተቱን አኮመጠጡት፤ ክፉዎቹ ደግሞ ኮምጣጣ ቤት አይመቻቸውም። ዓርብ ዕለት ይሄን ሳልነግራችሁ ለቀቅኋችሁ። መዝሙሩም ግማሽ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ቅል በሳሙና አይታጠብም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ቲቸር» አለ የኮቢሎ ልጅ፣ «ማታቱ ሞልቶ ያውቃል እንዴ? ረዳቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጨምራል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቱን ነው፤ ረዳት ያለው ማታቱ ሞልቶ አያውቅም። «ለዚህ ነው ወተቱ መጀመሪያ የሚፈላው» አልኩት፤ «ረዳቱን እናስወርደዋለን።» ሄዶ ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሳና እናቱ እያየችው ጠጣ። ኮቢሎ በአንድ ጣቷ ዓይኗን ጠረገች፤ ጢስ ነው አለች፣ ጢስ ግን አልነበረም።

ከዚያ ሰባቱ ኩባያዎች በኮጎ ፊት ተደረደሩ። መቅመስ ጀመሩ። የመጀመሪያውን አፋቸው ውስጥ አዙረው ተፉት።

«የሱቅ ወተት ለምዷል። ላምሽ የት ሄደች?»

«ሸጥናት፣ ኮጎ።»

«ያስታውቃል።» ሁለተኛውን ቀመሱ። «ከሰሉ የሴኔትዌት ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ነው። ሰነፍ።» የሁለተኛው ኩባያ ባለቤት አንገቷን ደፋች። ሦስተኛው የኮቢሎ ነበር፤ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይናከሳል» አሉ። ኮቢሎ ራሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። አንዱ ጣፍጧል፣ አንዱ ቀጥኗል፣ አንዱን ምንም ሳይሉ አስቀመጡት። ሰባተኛውን ሲቀምሱ ቆዩ። ሁለተኛ ጊዜ ቀመሱ።

«ቀርቦ ነበር» አሉ። ኩባያውን አስቀመጡት። «አይደለም።»

ኮጎ ኩባያዎቹን በተራ አዩአቸው። «የሰጠኋችሁ አንድ ነበር። ያመጣችሁልኝ ሰባት ነው።»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ በዚያ ደጅ የቀረኝ ክብር እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ይለውጣቸዋል አልኳቸው። ላሟ የምትበላው ሣር፣ ከሰሉ፣ የሴትየዋ እጅ፣ የቤቱ ሙቀት፣ ሁሉም አንዳንዶቹን ያበዛል፣ ሌሎቹን ያሳንሳል። ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚመጣው የሄደው አይደለም። ኮጎ በጥሞና ሰሙኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ የሰማኝ ተማሪ የለኝም።

«የቲቸር የት አለ?» አለች ኮቢሎ ድንገት። «አንቺም እኮ ከኮጎ ቀድተሻል። ሠርግሽ ላይ ነበርኩ። የሷስ ያው ቢሆን?»

ለመመለስ አፌን ስከፍት ኮጎ ቀደሙኝ።

«የሷን ተዪው። በመጀመሪያው ሳምንት በሳሙና አጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ልጇን ስትወልድ ልጠይቃት ሄጄ ቅሉን አሸተትኩት። የፓኬት ወተት ነው የምትጠጣው።»

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት በበዓል በበዓሉ አንድ ጠርሙስ ሙርሲክ ለቤቴ ሲልኩ ከደግነታቸው የተነሳ ነበር የሚመስለኝ፤ ቅሌ እንደሞተ ስለሚያውቁ ኖሯል። ሴቶቹ አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የተማረ ሰው ነኝ፣ አዲስ ዕቃ መታጠብ አለበት ብዬ ነበር፤ መዝሙሩን ለልጆቹ የሠራሁት ኋላ ነው እንጂ፣ ሐሳቡ ገና ያኔ በእጄ ላይ ነበር።

«ስለዚህ ምን ይሻላል?» አለች የሰባተኛው ኩባያ ባለቤት፣ ለኔ አዝና መሰለኝ ወሬውን ለመቀየር።

ኮጎ ታቡታኒ ትንሽ አሰቡ። «ሁሉንም እንቀላቅል» አሉ። «ምን ይወጣል?» ብለው ወደኔ ዞሩ።

«አላውቅም፣ ኮጎ። ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሊበላሽም ይችላል።»

«አንቺ የማታውቂው ነገር አለ?»

«ብዙ ነው።»

«ጥሩ» አሉ፤ በሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያሉት ያኔ ነው።

አራት ቀን ቅሉን በፈላ ውሃ አለቀለቅን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣን፣ በሴኔትዌት ፍም ደጋግመን አሸነው። ጄሙታይ ከትምህርት ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ አፍንጫዋን ቅሉ ውስጥ መክተት ሆነ። በአራተኛው ቀን «የለም» አለች፤ እኔም አሸተትኩ፣ ጢስ ብቻ ነው። ከሰባቱ ቤት ትንሽ ትንሽ ገባ፤ የኮጎ ላም ወተት ፈልቶ ቀዝቅዞ ተጨመረበት። ክዳኑ ተከደነ። ዐሥር ቀን ማንም አልነካውም። እኔ በየቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ መንገዴ ግን በዚያ በኩል አልነበረም።

ጄፕቱም በመጣች ቀን ጠዋት ኮጎ ቤት ስደርስ ክዳኑን ከፍተዋል። ሽታው ደህና ነበር። በትንሿ ጣሳ ቀድተው ቀመሱ፤ ረጅም ጊዜ አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ ዋጡት። ጣሳውን ሰጡኝ፤ ቀመስኩ። ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ መጨረሻው ላይ ይጣፍጣል። የእሳቸው ግን አልነበረም። እኔ እንኳ፣ የፓኬት ወተት ጠጪዋ፣ አወቅሁት።

«ኮጎ፣ አይደለም አይደል?»

«አይደለም» አሉ። ሻሻቸውን አስተካክለው ቅሉን አነሱ። «ግን ወተት ነው። ነይ እንሂድ፣ ልጅቷ ትደርሳለች።»

በር ላይ ቆሙ። ዘፈኑ ከታች ከመንገዱ መጣ፤ ልጆቹ ሦስተኛ የወጣችውን እንደ አንደኛ ተሸክመው አመጧት። ጄፕቱም ከትከሻቸው ወርዳ ተንበረከከች፤ ከኮጎ እጅ ጠጣች፣ አፏን ጠርጋ «እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር አታውቂም፣ ኮጎ፤ ያው ነው» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ከልጆቹ መካከል ኩባያ የገፋ አልነበረም፤ እንዲያውም ተጋፉ። ኮጎ ጭንቅላቷን ዳሰሷትና በሕዝቡ ላይ አልፈው አዩኝ። ያንን አስተያየት ከጄፕቱምም፣ ከኮቢሎም፣ ከመንደሩም ሁሉ የተረዳሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በተከታዩ ሳምንት፣ በአንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት፣ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ደብተር ሳርም ኮጎ ታቡታኒ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

«አሳዪኝ» አሉ። «የምመግባቸውን ልወቃቸው።»

ጠብታውን ዘረጋሁ፣ ቀለም ነካሁት፣ ማስተካከያው እንዳይንሸራተት በእጄ ያዝኩላቸው። አንድ ዓይናቸውን ከድነው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ «ጨለማ ነው» አሉኝ፤ ቀስ ብዬ አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ ከዚያ ትከሻቸው ጸጥ አለ። ለብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም።

«ብዙ ናቸው» አሉ።

«ብዙ ናቸው።»

«የእናቴም ይህን ያህል ነበሩ?»

«ይህን ያህል ነበሩ፣ ኮጎ።»

«በአንድ ኩባያ በረኪና አጠፋኋቸው።»

«እርስዎ አይደሉም። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ።